ጣት በእናትየው ላይ ብቻ ለምን?

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ ጉዳይ ነው። ከነገሌ ቦረና እስከ ፊልቱና ዶሎ ባሉት የቆላ ከተሞች ልቡም፣ ኩላሊቱም፣ ጣቶቹም ባንድነት ጉድለት ያለባቸው ሕፃን ሲወለድ ወሬው በእናትየው ላይ ይዞራል። «ከእሷ ዘር የመጣ ነው» ይባላል፤ እስከ ፍቺ የሚያደርስበትም ጊዜ አለ።

እንዲህ ያለው ልደት ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። ሰው 46 ክሮሞዞሞች አሉት። 13ኛው ወይም 18ኛው በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን ብዙ አካላት አብረው ይጎዳሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአላህ ውሳኔ ሆኖ በድንገት የሚደርስ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም።

የሚወረስም አለ። መከል ግሩበር በተባለው ሕመም የአንጎል ክፍል ከራስ ቅል ውጭ ይወጣል፣ ኩላሊት በውሃ ከረጢቶች ይሞላል፣ ጣቶች ከአምስት ይበልጣሉ። ሕፃኑ አይቆይም። እናትና አባት ግን ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ጂን ሳያውቁ ተሸክመዋል። ሁለቱ ጂኖች በአንድ ፅንስ የመገናኘታቸው ዕድል በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው። ባልየው «ከእኔ አይደለም» ማለት አይችልም።

አቡ ሁረይራ ባስተላለፉት ሐዲስ አንድ የገጠር ዐረብ ሚስቱ ጥቁር ልጅ ስለወለደች ተጠራጥሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጣ። እሳቸው ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ከቀዮቹ መካከል አመድማ እንዳለ ሲነግራቸው፣ ልጁንም እንዲሁ የሩቅ ዘር ስቦት ሊሆን እንደሚችል አስረዱት፤ እንዲክደውም አልፈቀዱለትም። ለግመል አርቢ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም።

ዘመዳሞች ያንኑ ጂን ከአንድ አያት የመውረስ ዕድላቸው ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ የተደረገ ጥናት፣ የጉድለቱ መጠን በአጎትና በአክስት ልጆች ጋብቻ ከመቶ 3 ወደ 6 ከፍ እንደሚል አሳይቷል። 94ቱ ያለ ጉድለት መወለዳቸውም አይረሳ። ሸሪዓ ይህን ጋብቻ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም። ጎረቤታችን ቦረናም በልማዱ ሳቦው ከጎና፣ ጎናው ከሳቦ ያገባል እንጂ ከወገኑ አይጋባም።

እንዲህ ያለ ሕፃን የወለዱ ባልና ሚስት ሌላ ከማርገዛቸው በፊት ሐኪም ዘንድ አብረው ይሂዱ። በሁለቱም ወገን የሞቱ ሕፃናትንና የነበረባቸውን ጉድለት ከአያቶች ጠይቀው ይያዙ። በእርግዝናው አጋማሽ አልትራሳውንድ መነሳትም ብዙ ነገር ያሳያል።