ደጋኑን ማን ይሳበው?

እናቴ ባረፈች በዓመቷ የጻፍኋት አንዲት አጭር ግጥም አለች፤ አሥራ ስድስት ስንኝ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ዜማ አበጀላት። ወዳጄ ስቱዲዮ የሚለው ቦታ አልጋው ያለበት ክፍል ነው፤ አንድ ላፕቶፕ፣ ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ የድምፅ መመለስን እንዲያስቀር በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጋቢ። የመጀመሪያውን ቅጂ ሊያሰማኝ ጠርቶኝ ሄድሁ። ዘፋኟ በለሆሳስ ጀመረች፤ ክራር ብቻ ተከተላት። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ግን ከየት መጣ የማይባል የቫዮሊን ሠራዊት ክፍሉን ሞላው።

«ስትሪንጉ እንዴት ነው?» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«ከግጥሙ ቀድሞ አለቀሰ» አልሁት።

ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥሩ ሙሾ አውራጅ ሰውን የምታስለቅሰው ቃሏን ጥላ ዝም በምትልበት ቅጽበት ነው። ሳታቋርጥ የምትጮኸዋ ሐዘንተኛውን ታደነቁረዋለች እንጂ እንባውን አታወርደውም። በዚያ ምሽት የሰማሁት ቫዮሊን ይህችኛዋን ይመስል ነበር። የተቆጣሁት የእናቴ ነገር ስለሆነ መሆኑን አልደብቅም። ኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን፣ ጥፋቱ የወዳጄ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የአውታር መሣሪያ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ መሆኑ ገባኝ።

ብዙ ሰው «የኮምፒውተር ቫዮሊን ሐሰተኛ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወዳጄ የሚጠቀምበት፣ ስፒትፋየር ኦዲዮ በነፃ የሚያድለው የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የድምፅ ስብስብ፣ የተቀዳው ለንደን ውስጥ ሜይዳ ቬል በተባለው ስቱዲዮ ነው። ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ደጋን ይዘው፣ ኖታውን አንድ በአንድ ተጫውተውታል፤ በረጅሙም፣ በአጭሩም፣ በጣት እየነጠቁም። ቁልፉን ስንጫን የምንሰማው የእነርሱን ክንድ ነው። እኔ በምሠራበት የባንክ መስኮት አንዳንዴ ወረቀቱ እውነተኛ፣ ቁጥሩ እውነተኛ፣ ፊርማው ግን የሌላ ሰው የሆነ ቼክ ይመጣል። የኮምፒውተር ቫዮሊንም እንዲያ ነው። ወረቀቱ ሐቀኛ ነው፤ ፈራሚዎቹ እኛ ነን።

ፊርማው ደግሞ ደጋኑ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ደጋኑን ሲስብ ደጋኑ ያልቃል፤ ክንዱም ይመለሳል። ድምፁ ሲነሣ ሳሳ ብሎ፣ መሐል ላይ ሞልቶ፣ ሲያልቅ መልሶ ይከስማል። ኪቦርድ ላይ ግን ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁ እንደ ቧንቧ ውኃ ይፈሳል። ወዳጄ አራት ጣቱን በአንድ ኮርድ ላይ አሳርፎ ስምንት ባር ሙሉ አላነሣም ነበር፤ ኃይሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። እንዲህ የሚስብ ክንድ ደግሞ የለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 የወጣው ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ለዚህ መላ አለው፤ ከ0 እስከ 127 የሚቆጠሩ መቆጣጠሪያዎች አሉት። በብዙዎቹ የአውታር ስብስቦች ቁጥር 1 የአጨዋወቱን ግለት፣ ቁጥር 11 የድምፁን መጠን ያዛሉ። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲጫወት ግራ እጅ እነዚህን ከፍ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ደጋን የሚስበው ግራ እጅ ነው ማለት ነው። በማውስ የተሳለ መስመርም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ለስላሳ አጀማመር ያላቸው ድምፆች ከምቱ ኋላ የቀሩ ስለሚመስሉ፣ በሰከንድ መቶኛዎች ያህል ወደ ፊት መሳብም ያስፈልጋል።

ከዚህ የባሰው ግን የጣት ነገር ነው። የፒያኖ እጅ አራት ኖታ ሲይዝ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ያጭቃቸዋል፤ ኮርዱ ሲቀየርም አራቱም አብረው ይዘላሉ። አራት ተጫዋቾች ቢሆኑ ኖሮ ግን ቼሎው ወደ ታች ርቆ ይቀመጣል፣ ቫዮሊኑ ወደ ላይ፤ እያንዳንዱም ቅርቡ ወዳለው ኖታ ብቻ ይራመዳል፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ዜማችን ትዝታ ነበር፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ወዳጄ በመሐሉ የጣለው ኮርድ ግን ፋ የምትባል ያልተጠራች እንግዳ ይዞ ገባ። እኔ ኖታ በወጉ አላነብም፤ ጆሮዬ ግን አንድ ሰው በማያውቀው ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደተቀመጠ ነገረኝ። (ፋን ፈጽሞ አትንኩ ማለቴ አይደለም። አውቆ የሚጋብዛት ይጋብዛት።)

ይህ የኮርድ ፍቅር ከየት መጣ? ከካሴቱ ዘመን ይመስለኛል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ ኪቦርድ የባንዱን ነፋስ መሣሪያዎች ቦታ እየወሰደ ሲመጣ ያ ዝርግ የስትሪንግ ድምፅ በሁላችንም ጆሮ ውስጥ ተተከለ። እኔ እነዚያን ካሴቶች እወዳቸዋለሁ። ያ ድምፅ ቫዮሊን ነኝ ብሎ አያታልልም ነበር፤ ራሱን የቻለ መሣሪያ ነበር። የእውነተኛ ሰው ክንድ የተቀዳበትን ድምፅ እንደዚያው ሲዘረጉት ነው ነውሩ የሚወጣው።

ብዛት የሚያስጎመጀው ሰው ደግሞ የቢትልሶችን «ኤሌኖር ሪግቢ» ይስማ። በ1966 ጆርጅ ማርቲን ያቀናበረው ስምንት ተጫዋች ብቻ ይዞ ነው፤ አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ማይክሮፎኖቹ እጅግ ተጠግተው ስለነበር የደጋኑ ንክሻ ሳይቀር ይሰማል። የእኛው ማሲንቆ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ አውታሩ አንድ የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም ጭራ። የአዝማሪው ጣት አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ በጎን ይዳስሰዋል፤ ስለዚህ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ እየተንሸራተተ ነው። ሰውን ለማስለቀስ ሁለተኛ አውታር አላስፈለገውም።

ለወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ማሲንቆ መቺ ወይም ከያሬድ የወጣ ቫዮሊኒስት ጥራልኛ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አቅም ላለው ሰው ከኮምፒውተሩ ድምፅ በላይ አንድ ሕያው ቫዮሊን መደረብ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። እኛ ግን የምንከፍለው አልነበረንም። ቀጥሎም «ሰው የሚሰማው በስልክ ነው፤ ይህን ሁሉ ማን ይለየዋል?» አለ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። ብቻ አንድ ነገር እንድንሞክር ለመንሁት፤ ኮርዱን ሁሉ አውጥተን፣ አንድ ጭራ ብቻ እንዳለን ቆጥረን፣ ለቼሎዎቹ ነጠላ መስመር እንድንሰጥ።

አራት ምሽት ፈጀብን። ቼሎዎቹ ሁለተኛው አንጓ ላይ ከዘፋኟ ግማሽ ስንኝ ኋላ ይገባሉ። እርሷ ስትተነፍስ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስትዘፍን ይጠብቃሉ። መጨረሻው ስንኝ ላይ፣ የእናቴ ስም በሚጠራበት፣ ዝም ይላሉ። ወዳጄ ዝምታው ላይ እስከ መጨረሻው ተከራክሮኛል፤ «ባዶ ሆነ እኮ» እያለ።

ቅጂውን ለአክስቴ በስልኬ አሰማኋቸው። ስልክ የቼሎን ዝቅተኛ ድምፅ እንደሚበላው አውቃለሁና ብዙ አልጠበቅሁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጥቂት ቆይተው፣ «ከልጅቷ ኋላ እየተከተለ የሚያጽናናት ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለወዳጄ ነገርሁት። ሳቀ፤ ደስም አለው። የቀድሞውን ቅጂ ግን አላጠፋውም። ያ ስምንት ባር ሙሉ የሚጮኸው ሠራዊት እስካሁን ላፕቶፑ ውስጥ አለ፤ «ሠርግ ሲመጣ ያስፈልገኛል» ይለኛል።