የዩኒቨርሲቲው በርና የማታው ተማሪ

አንድ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም የማን እንደሆነ የሚለየው በሁለት ጥያቄ ነው። በበሩ የሚገባው ማን ነው? ወጪውንስ የሚሸከመው ማን ነው? ስለ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነት በየመድረኩ በሚነገርበት በአሁኑ ወቅት፣ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ የሚኖረው ሠርቶ አደርና የነዋሪዎች ማኅበር አባል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች መመርመር ይገባዋል። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ ነው ብሎ መተው ለሌላው መወሰኛ መስጠት ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ስለነበር፣ ገበሬው ልጁ ገና ደጃፉን ላልረገጠው ትምህርት መክፈል ጀምሮ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባሉ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስድስት ኪሎ ላይ ዋና ግቢ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የተቋሙ ውስጣዊ ቅራኔ ጎልቶ የሚታየው። ሥርዓቱ ታማኝ ሹማምንት እንዲያፈራለት ያቋቋመው ግቢ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ጎዳና ወጣ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ የተሠማራው ተማሪም የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ወደቀ።

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በዚያው ዓመት በየካቲት ነው፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የተወለዱበት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም በሐምሌ ተከተለ። በግቢው የተነሣው ጥያቄ የቀበሌውን በር እንዲህ አንኳኳ። ጥያቄውን ካነሡት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በየጎዳናው መርገፋቸውን በዝምታ ማለፍ አይቻልም።

ከዚህ ታሪክ ጎን እምብዛም የማይወሳ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የማታው ተማሪ ታሪክ ነው። ቀን በመሥሪያ ቤት፣ በአየር መንገድ ወይም በመምህርነት ሲሠራ ውሎ በመሸ ጊዜ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው ሰው ለዩኒቨርሲቲው እንግዳ አልነበረም። የሚደንቀው ግን የክፍያው ነገር ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የገባው የቀን ተማሪ ምግቡንና ማደሪያውን ጭምር በመንግሥት ወጪ ሲያገኝ፣ የማታው ተማሪ ከደመወዙ እየቆረጠ ይከፍል ነበር። ሠራተኛው በግብሩ የቀኑን ተማሪ አስተማረ፣ በኪሱ ደግሞ ራሱን። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት ሲመጣ እንኳ የቀን ተማሪው ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲሆን ተደርጓል፤ ለማታው ተማሪ እንዲህ ያለ ጊዜ አልተሰጠውም።

አሁን በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፤ ቀዳሚው ራስ ገዝም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝነት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የምርምርና የማስተማር ነጻነት ነው። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲው መምህራን መባረራቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ነጻነት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የሐኪሙም የመሐንዲሱም ዕውቀት በዚያ ይለካል። ሠራተኛው ይህን ገጽታ ያለ ማመንታት ሊደግፍ ይገባል። ሁለተኛው ግን ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲው የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠትና በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ጎን ለጎን ከፍለው የሚማሩ የቀን ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። በሌላ አነጋገር፣ የቀኑ በር የማታውን በር መምሰል ይዟል። ድሮ የማታው ተማሪ የቀኑን ዕድል ይመኝ ነበር፤ የዛሬው አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ነገሩ እንዴት ይታያል? በዚህ በኩል የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ጠፍቶ አይደለም። ኮተቤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፤ በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተመሠረተው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። የመጀመሪያው በዋናነት መምህራንን፣ ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኞችን ያሠለጥናል። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ወጣት ከሁለቱም ውጭ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች 3.3 በመቶውን ብቻ ሲያሳልፍ፣ ከቀሩት አንዷ እርሷ ልትሆን ትችላለች። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ስለዚህ «ከፍለሽ ተማሪ» የሚላት ሰው ከምን ላይ እንደምትከፍል አስቀድሞ ይንገራት። ከጎሮ እስከ ስድስት ኪሎ ከአንድ በላይ ታክሲ መያዝ ግድ ነው፤ ሌሊት መመለሱም አለ።

የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። ራስ ገዝ የሆነው ዩኒቨርሲቲ የማታ ትምህርቱን ከፋብሪካ ፈረቃ ጋር አስማምቶ በኮተቤ ወይም በቦሌ በኩል ለማስተማር ዕቅድ አለው ወይ? መንግሥት ለቀን ተማሪ ከሚመድበው ገንዘብ ለማታው ተማሪ የሚደርሰው ድርሻ ስንት ነው? የክፍያው ልክ ሲወሰንስ ከፋዩ በየትኛው ወንበር ተቀምጦ ይሰማል?