ለስፖርተኛ ተማሪ፦ ነጥብ ይቀነስለት ወይስ ወጪው ይሸፈንለት?

ካዛንቺስ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙም አትርቅም። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳም በአንድ ጊዜ የተቀየረበት ታዳጊ ጎበዝ ስፖርተኛ ቢሆን፣ ይህ ችሎታው ትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ሊያስገባው ይገባል?

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። በር እንዲህ በጠበበበት አገር፣ ሌሊቱን አጥንቶ ነጥብ ያመጣ ልጅ ቦታውን ለፈጣን ሯጭ ይልቀቅ ማለት ፍትሕ አይመስለንም። ትምህርቱን መከታተል ለሚያቅተው ሯጭም ውለታ አይሆንም።

አሜሪካኖቹ ሁለት መንገድ አላቸው። ሐርቫርድና ዬል የሚገኙበት አይቪ ሊግ ለስፖርት ተብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ ድጋፉ የሚለካው በቤተሰብ አቅም ነው። ይሁንና በቅበላ ላይ የአሰልጣኝ ቃል ሚዛን ይደፋል። ሌሎች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለስፖርተኛው በግልጽ ይከፍላሉ። ሞቃዲሾ ተወልዶ ካናዳ ያደገው መሐመድ አሕመድ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አግኝቷል።

እኛ የምንለው፦ የመግቢያ ነጥቡ ለማንም አይቀነስ፤ ነጥቡን ያሟላ ስፖርተኛ ግን ቤተሰቡ አቅም ከሌለው ወጪው ይሸፈንለት፤ ውድድር ላይ ሲሆን ያለፈው ፈተና በሌላ ቀን ይሰጠው። ከሁሉም በላይ ድጋፉ በጉዳት ምክንያት አይቋረጥ። የስፖርት ዕድሜ አጭር ነው፤ ጉልበቱ የተጎዳ ልጅ ትምህርቱንም አብሮ ማጣት የለበትም።

ሴት ልጆቻችንም አይዘንጉ። ፊፋ በ2006 ዓ.ም፣ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2009 ዓ.ም የራስ መሸፈኛን ፈቅደዋል። ሲፋን ሐሰን በፓሪስ ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቋን የተቀበለችው ሂጃብ ለብሳ ነው። ስለዚህ «ሂጃብና ስፖርት አይሄዱም» የሚል ሰበብ ተቀባይነት የለውም።

ወላጆችም የልጃችንን ሩጫ ከደብተሩ አንነጥል። ችሎታው የአላህ ስጦታ ነው፤ ዕውቀት መፈለግ ግን ግዴታው ነው።