የእኛ መጸው ቀይ ነው፤ በሳይክል ቀስ ብላችሁ እዩት

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አትደንግጡ፣ ዛሬ ስለ ፈተና አላወራም። ስለ ሳይክል ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ሚዛን፣ ቴፒ፣ ሸኮ፣ ማሻ፣ ቦንጋ የምንኖር ሰዎች በዓመት ጥቂት እሁዶችን፣ ዝናቡ ከሚቀንስበት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከልጆቻችንና ከጓደኞቻችን ጋር ሳይክል ይዘን የገዛ አገራችንን ቀስ እያልን ማየት አለብን። ለውድድር አይደለም። ለፎቶም አይደለም። ለመዝናናት ነው። መዝናናት ደግሞ ሥራ ፈትነት አይደለም። ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ነው።

መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው ብለን አስተምረናችኋል። ስሙ ሲነሳ ለሁሉም ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣው አደይ አበባ ነው። እሱ ግን የመሃልና የሰሜን አገሩ መጸው ነው። የእኛ ዝናብ መስከረም ጠባ ብሎ አያቆምም፤ ከበልጉ ጀምሮ ያለውን ዝናብ ጎትቶ ጥቅምትን ያልፋል። ሲያባራ ደግሞ የሚታየው ቢጫ ሳይሆን ቀይ ነው፤ እሸት ቡና። መጀመሪያ በቤበቃና በቴፒ ቆላ ይቀላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደጋው ይወጣል። ማለትም የእኛ መጸው ከታች ወደ ላይ ነው የሚጓዘው። ይሄን በዐይኑ ተከትሎ ያየ ስንት ሰው አለ? እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ቡናው ሲደርስ ዋጋውን ብቻ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ወቅት እኮ የለቀማ ነው፤ ማን ሳይክል ይነዳል?» ይሉኛል። ልክ ነው። የገበሬው ቤት በዚህ ወቅት ፋታ የለውም፤ ለቀማው፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ማገላበጡ፣ ጀንፈሉን ከዝናብ መሸፈኑ፣ ሌሊት መጠበቁ። ለዚያ ቤት «ተነሱ፣ ተዝናኑ» ብዬ ስብከት አልሰብክም። ነገር ግን ይህን የሚሉኝ አብዛኞቹ ገበሬዎች አይደሉም፤ እንደኔ ደመወዝተኞች፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሰዎች ናቸው። እኛ እሁድ ከሰዓት የት እንደምንገኝ ደግሞ እንተዋወቃለን።

እኛ ዘንድ መዝናናት የለም ማለት ውሸት ነው። አለ። ግን ተከፋፍሎ ነው ያለው። አባት ድራፍት ቤት፣ ወጣቱ ፑል ቤት ወይም ጫት ቤት፣ እናት ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ፣ ልጅ ስልኩ ላይ። ሁሉም ዘና ይላል፤ አንድ ላይ ግን አይደለም። ቤተሰብ አንድ ላይ ከቤት የሚወጣው ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሕክምና ነው። የጎደለን መዝናናት ሳይሆን አብሮ መዝናናት ነው። ለዚህ ደግሞ ከሳይክል የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ ሳይክል ላይ ሆኖ ስልክ መነካካት አይቻልማ።

እኛ አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆነን ከጀመርን አራት መጸው አለፈ። ሳይክሎቹ ከሰዎቹ ያንሳሉ፤ ስለዚህ በተራ ነው። ሳይክል ላይ ያልሆነው ከኋላ በሚኒባስ ይከተላል፣ ምግቡንና መንፊያውንም ይይዛል። ከሚዛን ወደ ቤበቃ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቴፒ ደግሞ 50 ገደማ። ሙሉውን የሚነዳ አለ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ነድቶ ሚኒባስ ውስጥ የሚተኛም አለ። ማንም ማንንም አያስቀድምም፣ ማንም በማንም አይስቅም። ደንባችን ይሄው ነው።

ቀስ ማለት ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። በመኪና ወደ ቴፒ የሄደ ሰው «ጫካ ነው» ይላል። በሳይክል የሄደ ግን ጫካው አንድ ነገር እንዳልሆነ ያያል። ቀረሮው ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ያያል። ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ እንዳለ ያያል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ጅራቱን ያያል። ወደ ቴፒ ሲጠጋ አየሩ ሲሞቅ በቆዳው ያውቃል፤ ቁንዶ በርበሬና እርድ ለምን እዚያ እንደሚበቅል መጽሐፍ ሳይገልጥ ይገባዋል። ሸኮ ላይ ሲደርስ የሸኮን ከብት ያያል፤ ሻኛው ትንሽ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ግን የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲ በመቋቋም ተመራማሪዎች የሚያውቁት ዝርያ ነው። ይሄን ሁሉ እኔ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ነው ያስተማርኩት። ልጆቹ በአንድ እሁድ ያዩትን ያህል ግን ሰሌዳ አያሳይም።

የሸካ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካፋው ደግሞ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። ጌሻ የሚባለው ቡና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘሩ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ጫካ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እዚያ በተደረገ ውድድር አሸንፎ የዓለምን ገበያ አስደነቀ። ቡናችን ይህን ያህል ሲዞር እኛ ከሚዛን ሸኮ ድረስ እንኳ ለደስታችን ብለን አልሄድንም። ቱሪስት የሚባለው ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው መሆን አለበት እንዴ?

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለው ጉዳይ ልግባ። በዚህ ምድር ቤንች፣ ሸኮ፣ ካፋ፣ ሸካ፣ ሜኢኒት፣ ማጃንግ፣ ከሌላም አገር የመጣው ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ ሰው የፈራባቸውን ጊዜያት ደግሞ አይተናል፤ አንደብቀው። በዚያን ጊዜ ወሬ ከመኪና ይፈጥን ነበር። «እነሱ እንዲህ አደረጉ» ሲባል «እነሱ» የሚባሉትን በፊታቸው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ወሬው ይታመናል።

ባለፈው ዓመት በመንገዳችን ላይ አንዲት እናት «ልጆቹን አሳርፏቸው እንጂ» ብለው አስቀመጡን። ጨሞ አፈሉልን፤ የማታውቁት ካላችሁ፣ በቡና ቅጠልና በቅመም የሚፈላ መጠጥ ነው። ልጄ ለምን በፍሬው እንደማይፈላ ጠየቀቻቸው። «ፍሬው የገበያ ነው ልጄ፣ ቅጠሉ የእኛ ነው» አሏት። እኔ ስለ ቡና ኢኮኖሚ አንድ ወር ያስተማርኩት በዚያች ዐረፍተ ነገር አለቀ። ልጄ አሁን የዚያን ሰፈር ስም በወሬ ስትሰማ ትዝ የሚላት የእኚህ እናት ደጃፍ ነው። ሰላም ማለት ትልቅ ስብሰባ ብቻ አይደለም፤ ልጅ በማያውቀው ሰው ቤት ውኃ ጠጥቶ መመለሱም ሰላም ነው። ሰው ቤት ስትደርሱ ግን በባዶ እጅ አትሂዱ፣ ሳታስፈቅዱ ለቃሚውን ፎቶ አታንሱ። ማሩን፣ ሙዙን፣ ኮረሪማውን በዋጋው ግዙ። እኛ የምንዝናናበት መንገድ ለሌላው የሥራ ቦታው ነው።

«አቀበቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ወደ ቴፒ ሲሄዱ ብዙው ቁልቁለት ነው፣ ሲመለሱ ግን ይቆጠራል። ግን አቀበት ሳይክልን ቢከለክል ኮሎምቢያ ሳይክል ባላወቀች። እነሱም እንደኛ ተራራና ቡና ነው ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአገሪቱ ቡና አምራቾች ፌዴሬሽን በቡናቸው ስም የሳይክል ቡድን አቋቁሞ አውሮፓ ላከ፤ የአትክልተኛነት ሥራ ይሠራ የነበረው ሉዊስ ኤሬራ በ1987 የስፔንን ዙር አሸነፈ። የዋና ከተማቸው የቦጎታ ሕዝብ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ በእሁድና በበዓል ቀን መንገድ ለመኪና ተዘግቶለት በሳይክልና በእግር ይንሸራሸራል። ሩቅ ነው ካላችሁ፣ የሺህ ኮረብቶች አገር የምትባለው ሩዋንዳ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጅታለች።

እኛም ባዶ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የቀረበችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ የተወዳደርንባቸው ስፖርቶች ሁለት ነበሩ፣ ሩጫና ብስክሌት። ሩጫውን ይዘን ቀጠልን፣ ሌላውን ግን ሰሜኑ ካልሆነ ብዙ ሰው ረሳው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ደግሞ ሳይክል የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ሳይክል ወይ የልጅ መጫወቻ ወይ የድሃ ምልክት የሚሆነው። «መምህር፣ ሞተር መግዣ አጣህ እንዴ?» ያለኝ ሰው አለ። ሞተርማ አለ፤ ሞተር የሚወስደኝ ወደ ጉዳዬ ነው። ሳይክል የሚወስደኝ ከልጄ ጋር ነው።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ልጄ ሳይክል ስትማር መንገድ ላይ ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ የሚሉት ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ ሙግት አይደለም፤ ብዛት ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትነዳ ትታያለች፤ አሥር ሆነው ከእናቶቻቸው ጋር ሲነዱ ግን መንገድ ይለቀቅላቸዋል። ዘንድሮ በቡድናችን ካሉት ልጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ አሁን ማንም ምንም አይልም።

ጥንቃቄውን እንደ መምህር ልንገራችሁ፣ ፈገግ አትበሉ። ጠዋት ጭጋግ ሳይገፈፍ አትውጡ፤ ሾፌር አያያችሁም። የቡና ወቅት አይሱዙ የሚበዛበት ነው፣ ጠርዝ የሌለው መንገድም አለ፤ ስለዚህ በአንድ መስመር፣ ትልቅ ሰው ከፊት፣ ትልቅ ሰው ከኋላ። ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬንና ካቴና አስፈትሹ። ትርፍ ካላማዳሪያ ያዙ፤ ጎሚስታ በየጫካው አይገኝም። ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበት ቦታ ላለ ሰው ደውሉና ስለ መንገዱ ጠይቁ። ልጅ ሲደክመው ይውረድ፤ የደከመው ልጅ በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም።

የከተማችን አስተዳዳሪዎችም ይሄን ካነበባችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ገንዘብ አልጠይቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በወር አንድ እሁድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ከሚዛን እስከ አማን ያለውን ዋና መንገድ ለሰውና ለሳይክል ልቀቁልን። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጀምራዋለች፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ስትራቴጂውን በሦስት ሰዓት መጀመር ይቻላል። ባጃጅና ሞተር ነጂዎች የዕለት እንጀራቸው ነውና ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፣ ሌላ መንገድ አዘጋጁላቸው። የእነሱም ልጆች ሳይክል ይወዳሉ።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ፦ ብዙዎቻችሁ አሁን አዲስ አበባ ናችሁ፣ ጥቂቶቻችሁም ባሕር ማዶ። አገር ቤት ስትመጡ የምትመጡት ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትመለሳላችሁ። አንድ ጊዜ በኅዳር ኑ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። እናትና አባቶቻችሁ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ይከተሉ፤ የየሰፈሩን ስምና ታሪክ ከእነሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም፣ እነሱም ለዘላለም አብረውን አይኖሩም። የሚቀጥለው ጉዟችን የኅዳር ሁለተኛው እሁድ ነው፤ ከሚዛን ወደ ቤበቃ፣ ጭጋጉ እንደተገፈፈ። ሳይክል የሌለው አይቅር፣ በተራ ነው። ካላማዳሪያ መለጠፍ የማይችልም ይምጣ፤ ጡረታ ብወጣም ማስተማር አልተውኩም።