የናፒየርን ኒሻን ካከበራችሁ ቃሉንም አክብሩ

ትናንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጄኔራል ሮበርት ናፒየርን ፎቶ በውስጥ መስመር ላከልኝ። ደረቱ በኒሻን ተሞልቷል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ሰውዬው እኮ ጨዋ ነበር። እስረኞቹን አስፈታ፣ አገር ሳይይዝ ሄደ» ብሎ ጽፏል። ይሄን አባባል ፌስቡክ ላይ ስለማየው፣ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

እሺ፣ ኒሻኖቹን እንቁጠር። ናፒየር መሐንዲስ መኮንን ነበር። ፑንጃብ ላይ ከሲኮች ጋር ተዋግቷል፣ በሕንዱ አመፅ ጊዜ ቆስሏል፣ በ1860 ቻይና ዘምቷል። ከመቅደላ በኋላ «የመቅደላው ባሮን» ተባለ፣ ፊልድ ማርሻል ሆነ፣ በ1887 የለንደን ታወር አዛዥ ተደርጎ ተሾመ። ለዘማቾቹም የብር ሜዳሊያ ተሠራላቸው። መሃሉ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ዙሪያዋን ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ፣ በጫፎቹ መካከል ደግሞ «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ፣ ፊደል በፊደል።

ሜዳሊያው ላይ ያልተጻፈውስ? ሚያዝያ 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ወደ 700 የሚጠጋ ወገን አለቀ። ከነሱ የሞቱት ሁለት ናቸው፣ እነሱም ቆስለው ቆይተው። በሦስተኛው ቀን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፣ መቅደላም ተዘረፈች። ብራናው፣ ታቦቱ፣ መስቀሉ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ። በ18 ዓመቱ ሞቶ አፅሙ እስከ ዛሬ ዊንዘር ነው።

«አገር አልያዘም» ትሉኛላችሁ። ቤቱን ትቶ ዕቃውን ጠራርጎ የሄደ ሰው ጨዋ ይባላል እንዴ?

ግን ናፒየርን የምታደንቁ ሁሉ ይቺን ስሙኝ። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ፓርላማ ቆሞ ስለ መቅደላው ዘውድና ጽዋ ሲናገር፣ እነዚህ ዕቃዎች ከመጀመሪያውም መምጣታቸው በጣም እንደሚያሳዝነው ገለጸ። ናፒየር ራሱም ዕቃዎቹ ለኢትዮጵያ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀመጡ እንዳለ ተናገረ። አደራ! እኛ ያልነው ሳይሆን ኒሻን የደረደሩለት ሰውዬ ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የቴዎድሮስ ዘውድ በ1920ዎቹ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል። የወርቁ ዘውድና ጽዋው ግን ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አሉ። በ2018 የሙዚየሙ ኃላፊ በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣቸው አለ። የአደራ ዕቃ ለባለቤቱ በውሰት ይሰጣል?

ስለዚህ ልጄ፣ ፎቶውን ሼር ማድረግ መብትህ ነው። ከሥሩ ግን «ጨዋ ነበር» ብለህ አታቁም። ጨዋ ከነበረ ቃሉ ይፈጸምለት። ባሮን ያሰኘችው መቅደላ ናት፤ የመቅደላን ዕቃ ይመልሱ።