የአምባሳደሮች የዓመት ሒሳብ በጨርጨር አውድማ ሲመዘን

መቻራ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላ ታጭዶ ወደ አውድማ የሚገባበት፣ የበሰለ ቡና ተለቅሞ ለፀሐይ የሚሰጣበት ወቅት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ የፈረንጆቹ ዓመት በመገባደዱ በኤምባሲዎች ዘንድ ዓመቱን የማጠቃለያ ሰሞን ነው። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በሆነችው ከተማ የሚኖሩ የውጭ ዲፕሎማቶች በእንዲህ ያለው ጊዜ ስለ ቡና አፈላል ሥርዓታችን፣ ስለ አሥራ ሦስት ወር ፀጋችን፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ያወሳሉ። በውጭ አገር ያሉት የእኛ አምባሳደሮችም ስለ ተካሄዱ ውይይቶችና ስለ ተፈረሙ ስምምነቶች ሪፖርት ያቀርባሉ።

ለዳሮ ለቡ ገበሬና ለጭሮ ነጋዴ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቡናችን የሚጠራበት ስም፣ ጫታችን የሚገባበት አገር፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የሄደው ልጃችን የሚመለስበት መንገድ በዲፕሎማቶች ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ወይም የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ማጠቃለያ ስናነብ መጠየቅ ያለብን ስንት ስብሰባ ተደረገ ብለን ሳይሆን ከስብሰባው ምን ወደ ማሳው ደረሰ ብለን ነው።

ከአሰበ ተፈሪ እስከ ጄኔቫ

ይህ አካባቢ ከዲፕሎማሲ ጋር ያለው ትውውቅ የዛሬ አይደለም። ዛሬ ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን የጨርጨር አውራጃ መናገሻ አድርገው የገነቡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩሲያ የተማሩት እኚህ ሰው ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር እንዲኖረው ጥረዋል። በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ ቀጥሎም በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ።

በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ወር የወልወል ግጭት በተነሣ ጊዜ የኢትዮጵያን አቤቱታ በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ካቀረቡት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ማኅበሩ አቤቱታውን ሰማ፤ ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን በጀመረ ጊዜም ወራሪ መሆኑን በይፋ አወጀ። ይሁን እንጂ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን የማይጨምር በመሆኑ ጦርነቱን አላስቆመም። ተክለ ሐዋርያት የሥራና የስደት ዘመናቸውን የተረኩበት የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ቀላል አይደለም። የዲፕሎማት ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤት ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም የአንድን ዲፕሎማት ሥራ ስንመዝን ድካሙን ከፍሬው ለይተን ማየት ይገባናል።

ስም ያስገኘው ድል፣ ያልተሞላው ጎዶሎ

ፍሬ ካፈሩ ሥራዎች መካከል ሐረርጌን በቀጥታ የሚመለከተው የቡና ስም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክቶቿ ሆነው እንዲመዘገቡላት አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ። የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ሲመራ፣ በዋሽንግተን የነበሩት አምባሳደር ሳሙኤል አሰፋ የአገራቸውን አቋም ለአሜሪካ ሕዝብ ሲያስረዱ ቆዩ። ኦክስፋም የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅትም ደጋፊ ሆኖ ቆመ። በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያውና መንግሥት ተስማሙ፤ ስታርባክስም ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ።

ጉዳዩ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት እንደሚጠበቀው ሁሉ፣ የዲፕሎማሲም ሥራ በአንድ ዓመት ሪፖርት ብቻ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ያልበሰለው ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ ከተለቀመ፣ ጀንፈሉ ከመሬት ላይ ከተሰጣ፣ የሐረር ቡና ስሙ ቢከበርም ጣዕሙ ይወርዳል። በግብርና ኮሌጅ ከተማርነው ሁሉ ለዚህ አካባቢ የሚበጀው ይኸው ነው፦ ቀዩን ብቻ መልቀምና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ። አምባሳደሩ ስሙን አስከበረ፤ ጥራቱን የሚያስከብረው ገበሬው፣ ለጥራቱ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ያለበት ደግሞ ነጋዴው ነው። ይህ ሰንሰለት ባለመጥበቁ ነው ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው።

የተዘጉ በሮች

የጫቱም ገበያ ቢሆን ከውጭ ውሳኔ ነፃ አይደለም። ኔዘርላንድስ በ2005 ዓ.ም.፣ ብሪታንያ ደግሞ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጫትን አገዱ። የሐረርጌ ጫት ዋነኛ ገበያ ጅቡቲና ሶማሌላንድ በመሆኑ ጉዳቱ ከባድ አልነበረም። ነገር ግን አንድ መንግሥት በአንድ ቀን ውሳኔ ገበያን ሊዘጋ እንደሚችል አሳይቶናል። ኑሮውን በአንድ ተክል ላይ ብቻ ላቆመ ቤተሰብ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ኤምባሲ ማለት ምን እንደሆነ በቤቱ የሚያውቀው ግን ልጁ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሰደደበት ወላጅ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያች አገር ተመልሰዋል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ለመመለስ ተስማሙ። ከሐረርጌ የሄዱ ወጣቶች በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የሪያድና የጅዳ ዲፕሎማቶቻችን የዓመት ሒሳብ የሚለካው ስንት እስረኛ ተጎበኘ፣ ስንቱ የጉዞ ሰነድ አገኘ በሚለው ነው።

በመጪው ዓመት የሚጠብቀን ፈተና

የ2026 ትልቁ ፈተና ከብራስልስ የሚመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ በትልልቅ አስመጪዎች ላይ ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአነስተኛዎቹ ላይ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ተወስኗል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማሳየት አለበት። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይበቃል።

የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው በጓሮና በእርከን፣ ከማሽላና ከጫት ጎን የሚበቅል ነው። ለእሱ ተብሎ የተመነጠረ ደን እምብዛም የለም። ነገር ግን ማስረጃ የሌለው እውነት ገበያ ላይ አይቆጠርም። ብዙው የሐረር ቡና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚሄድ ግድ የለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ገዢው አንድ ብቻ የሆነ ሻጭ ግን በዋጋ መደራደር አይችልም።

የተገኘው ጊዜ በብራስልስ ለሚሠሩ ዲፕሎማቶች መደራደሪያ፣ ለእኛ መዘጋጃ ነው። የዳሮ ለቡም ሆነ የሌላ ወረዳ ቡና አምራች የማሳው መገኛ መመዝገብ አለመመዝገቡን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ከአሁኑ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ባለሙያዎችም ጥያቄው እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ ማሳው ሊወርዱ ይገባል።

በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይከተታል። ዓመቱ ምን እንደ ነበረ የሚታወቀው ጉድጓዱ ሲከፈት ነው። የአምባሳደሮችም የዓመት ማጠቃለያ እንዲሁ ነው፤ የዘንድሮው ቃል እውነተኛነቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ታኅሣሥ የመቻራ ቡና ያለ እንቅፋት ወደብ ሲደርስ ነው።