የማን አገር በሽታ ነው የምናጠናው?

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ክፍል ተከራይተን ለሙያ ፈቃድ ፈተና የምንዘጋጅ የሕክምና ተማሪዎች ክርክራችን አንድ ነው፤ የትኛው የክለሳ መጽሐፍ ይሻላል? መልሱ ግን ከጥያቄው ይቀድማል፤ «ፈርስት ኤይድ»! ለምን ቢሉ፣ የቀደሙን ሁሉ እርሱን ስላነበቡ። ይህ ምክንያት ነውን?

መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ የሚክድ የለም። የተጻፈው ግን ለአሜሪካ ፈተና ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈትነው በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚሠራውን ጠቅላላ ሐኪም ነው። የአሜሪካ መዥገር የሚያመጣውን የላይም በሽታ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣው ወንድማችን፣ ከመተማ የመጣ የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጦ፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ቢቀርበው ካላዛር ትዝ ይለዋልን? የቫይቫክስ ወባ የያዘው ሰው በክሎሮኪን ሲሻለው፣ በጉበት ለተደበቀው ተውሳክ ፕሪማኪን እንደሚቀረውስ? መጽሐፉ እነዚህን አልዘነጋም፤ በጥቂት መስመር ያልፋቸዋል እንጂ። ከሰፈራችን ማዶ በእንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው በከንቱ አልነበረም!

የሚኒስቴሩ የሕክምና መመሪያዎች፣ የወባው፣ የነቀርሳው፣ የወሊዱ፣ በነጻ ይገኛሉ። ማን ገለጣቸው? ባለቀለም ሥዕል ስለሌላቸው ተናቁ። (ለፎቶ ኮፒ የምናፈሰው ገንዘብ የቤት ኪራይ በሆነ ነበር።) የውጭው መጽሐፍ የበሽታን አመጣጥ ለማጥናት ይሁን፤ ለሕክምናው መመሪያው ይቅደም።

ማኅበራችንም ማባዣውን ለስብሰባ ጥሪ ብቻ ከሚያውል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የወባውን መመሪያ አባዝቶ ያድለን።